ሰባተኛዋ ነጥብ

ተፈጥሮ ለቁጥር ለምን ትታዘዛለች? አጎቴ ይህን ጥያቄ አርባ ዓመት ሙሉ ሲጠይቁ ኖረዋል። በክፍል ውስጥ ጠይቀዋል፤ በሰው ሠርግ ላይ ጠይቀዋል፤ ጥርሳቸውን ሊያስነቅሉ ሄደው ሐኪሙን አፋቸውን እንደከፈቱ ጠይቀውታል ይባላል። የሰማቸው ሁሉ በአድናቆት ራሱን ይነቀንቃል። "ወይ እሳቸው!" ይላል። እኔ ግን ጥያቄውን በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ባለፈው ወር የድሮ ተማሪዎቻቸው ተሰባስበው ሊያመሰግኗቸው አሰቡና ንግግር የሚያደርግ ሰው ሲፈልጉ እኔን አገኙ። "ሒሳብን ያስወደዱሽ እሳቸው አይደሉ እንዴ?" አሉኝ በስልክ። ናቸው፤ አልዋሽም። ዛሬ በየሱቁና በየመጋዘኑ እየዞርኩ ሚዛን የምፈትሽ ሠራተኛ የሆንኩት፣ ያንን የናስ መመዘኛዎች የያዘ ከባድ ሣጥን ተሸክሜ ከደረጃ ደረጃ የምወጣው በእሳቸው ምክንያት ነው። ምክንያቱ ምን እንደሆነ ግን ደዋዮቹ አያውቁም። እሺ አልኳቸው። ከዚያ በፊት ግን ከራሳቸው ከአጎቴ ጋር የምጨርሰው ነገር ነበረኝ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ በውስጠኛው እናቴ፣ እኔና አዲስ የተወለደው ወንድሜ፣ በውጪኛው አጎቴ። አባቴ የሩቅ መንገድ የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበር በሁለት ወር አንዴ ብቅ ብሎ፣ ሁለት ቀን ተኝቶ ይሄዳል። ስለዚህ የቤቱ አዛዥ አጎቴ ነበሩ፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር። ተማሪዎቻቸው "ማስመሪያው" ይሏቸዋል። ቀጥ ብለው ስለሚሄዱ ይሁን፣ ያንን የእንጨት ማስመሪያ ከእጃቸው ስለማይለዩት አላውቅም። እናቴ "ወንድም ጋሼ" ትላቸዋለች፤ እኔ ደግሞ "ጋሼ"። ሕፃኑን ሁላችንም "ማሙሽ" ነው የምንለው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጋሼ የበራችንን ጓጉንቸር በክር አሰሩና ከበሩ ጉበን ላይ አንጠለጠሉት። የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ሰጡኝ። ያንን ሰዓት ማንም እንዲነካው አይፈቅዱም ነበርና በሁለት እጄ ያዝኩት። "ሃያ ጊዜ ሄዶ ሲመለስ ስንት ሰከንድ ይፈጃል? ቁጠሪ" አሉኝ። ሃያ ሰከንድ ሆነ። ክሩን አራት እጥፍ አስረዘሙት። አርባ ሰከንድ።

"አየሽ? ክሩ አራት እጥፍ፣ ጊዜው ሁለት እጥፍ። በዚህ ቤት በር ላይም፣ በንጉሥ ቤት በር ላይም ያው ነው።"

"ማን ነገረው?" አልኳቸው።

"ለማን?"

"ለጓጉንቸሩ።"

ጋሼ ከመሬት አንስተው ግንባሬን ሳሙኝ። "የኔ ሊቅ! ጥያቄው እኮ ይኼ ነው! ጓጉንቸሩ ሕጉን አያውቅም፤ ግን ይታዘዛል። ለምን ይታዘዛል?" ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ትልቅ ሰው በደስታ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው።

ደስ ስላለኝ ሳይነግሩኝ ደግሜ ቆጠርኩ። አርባ አንድ ሆነብኝ። "አርባ አንድ" አልኳቸው። "ተሳስተሻል" አሉና በደብተሬ ላይ በራሳቸው እጅ "አርባ" ብለው ጻፉልኝ። ክሩ ግን ከቋጠሮው ተንሸራትቶ ሦስት ጣት ያህል ወርዶ ነበር፤ ሲንሸራተት በዓይኔ አይቼዋለሁ። አርባ አንዱ ልክ ነበር። ይህ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው። ያን ቀን የገባኝ ሌላ ነገር ነው፤ ቁጥር አስቀድሞ ተጽፏል፣ ነገሩ ይከተላል፣ ካልተከተለም ጥፋቱ የነገሩ ወይም የእኔ ነው።

እናቴ በስኳር ማሸጊያ መጋዘን ነበር የምትሠራው። ሴቶቹ ከጆንያ በጣሳ እየዘቁ በአንድ ኪሎ ወረቀት ከረጢት ይሞላሉ፤ ከመካከላቸው አንድ ሚዛን አለ። ትምህርት በሌለኝ ቀን ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጬ አያታለሁ። ሌሎቹ ከረጢቱን ሚዛን ላይ ያስቀምጡና ይጨምራሉ፣ ይቀንሳሉ። እናቴ በመዳፏ አንዴ ከፍ ዝቅ ታደርገውና ታሽገዋለች። አለቃቸው አላምን ብሎ አንድ ቀን አሥር ከረጢት ለይቶ መዘነባት። ዘጠኙ ልክ አንድ ኪሎ ሆኑ። አሥረኛውን ገና ሳያነሳው "እሱን ይመልሱልኝ፣ ሁለት ማንኪያ ይጎድለዋል" አለችው። መዘነው። ሁለት ማንኪያ ጎድሎታል።

"ይቺ ሴትዮ መዳፏ ውስጥ ሚዛን ቀብራለች!" አለ አለቃው። ሴቶቹ ሳቁ፣ አንዷም "ለባሏ ነግራችሁ እንዳታስፈሩት፣ በጥፊ ብትለው ኪሎውን ታውቀዋለች" አለች። እኔ አልተደነቅኩም። መስመር የለው፣ ማስመሪያ የለው፣ ቀመር የለው፤ ለእኔ ይህ ሒሳብ አልነበረም፣ የእናቴ ሥራ ነበር።

ማሙሽ በየወሩ ጤና ጣቢያ ይመዘናል። እናቴ በሥራ ቀን ፈቃድ ስለማታገኝ ይዛን የምትሄደው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ናት። እሷም ከማሙሽ ጋር በአንድ ሳምንት የተወለደ ወንድ ልጅ ነበራት፤ አንገቱ የማይታይ፣ ጉንጩ ትከሻው ላይ የተዘረገፈ ድንቡሼ። እሷ የራሷን ታቅፋለች፣ እኔ ማሙሽን አዝላለሁ።

የማሙሽን የክብደት ካርድ እወደው ነበር። ብጫ ወፍራም ወረቀት ነው፤ ከታች ወራቱ፣ ከጎን ኪሎው፣ ከመካከል ከግራ ወደ ቀኝ እየጎበጠ የሚወጣ መስመር። ጤነኛ ልጅ የሚያድገው በዚያ መስመር ላይ ነው። ሲስተር፣ ማለትም ነርሷ፣ ሕፃኑን እግር ማስገቢያ ባለው ጨርቅ ከክቡ ሚዛን ላይ ትሰቅለዋለች። ከዚያ ሚዛኑን አታየውም። ካርዱን ነው የምታየው። በእስክሪብቶዋ ጫፍ ወሩን ትቆጥርና መስመሩ ላይ ሰማያዊ ነጥብ ጣል ታደርጋለች። "ጎበዝ፣ መስመሩን አለቀቀም። ቀጣይ!"

ሚዛኑን ሳታይ ማወቋ እንዴት እንዳስቀናኝ! ሒሳብ የዘለቀው ሰው እንዲህ ነው አልኩ። ደግሞ የሚዛኑ ቀስት ማሙሽ ሲሰቀልም፣ ማሙሽ ሲወርድም ከቆመበት ንቅንቅ አይልም። ለልብስ ሰፊዋ "ሚዛኑ ያስታውሳል፣ አየሽው?" ብዬ በሹክሹክታ ነገርኳት። እሷ ግን ልጇ ጨርቁ ውስጥ አልገባም ብሎ እየተወራጨ ስለነበር "እሺ፣ እሺ፣ ያንን ቆብ አቀብይኝ" አለችኝ። ዛሬ በየቀኑ ሚዛን የምፈትሽ ሰው፣ ያንን ቀስት ሳስታውሰው አንጀቴ ያራል። ሸክም ተሰቅሎበት የማይንቀሳቀስ ቀስት! ስፕሪንጉ የሞተ ሚዛን! ከትልቅ ሰው ሁሉ ቀድሜ በሁለት ዓይኔ አየሁት፤ አይቼም አጨበጨብኩለት።

ማታ እናቴ ከሥራ ስትገባ "ስንት ሆነ?" ትላለች። ካርዱን አሳያታለሁ። እሷ ግን ማሙሽን በሁለት እጇ ታነሳዋለች፣ ከፍ ዝቅ ታደርገዋለች፣ ከዚያ ምንም ሳትናገር ታስተኛዋለች። በአምስተኛው ወር ግን ተናገረች።

"ወንድም ጋሼ፣ ይኼ ልጅ እጄ ላይ አልጨመረም።"

"ካርዱ ላይ ጨምሯል" አሉ ጋሼ ከሚያርሙት ፈተና ቀና ሳይሉ።

እኔ ደግሞ ከጀርባዬ ላይ እየቀለለኝ መጥቶ ነበር። በአራተኛ ወሩ ጤና ጣቢያ እስክንደርስ ሁለቴ አርፌያለሁ፤ በስድስተኛው ሳላርፍ ደረስኩ። ጎበዝኩ፣ ጠነከርኩ ብዬ ኮራሁ። ለልብስ ሰፊዋ ጡንቻዬን አሳየኋት።

በዚያው በስድስተኛው ወር ሁለቱ ካርዶች አንድ ላይ እጄ ገቡ። ልብስ ሰፊዋ የእሷን እኛ ቤት ረስታው ነበር። እንዲሁ ስጫወት አንዱን በአንዱ ላይ ደርቤ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋሁት። ስድስቱ ነጥቦች በስድስቱ ላይ ቁጭ አሉ። አንዲቷ እንኳ የፀጉር ያህል አልወጣችም። አንዱ ድንቡሼ፣ አንዱ ከሲታ፣ ነጥባቸው ግን አንድ! ሮጬ ለጋሼ አሳየኋቸው።

ጋሼ ከወንበራቸው ተነሡ። ካርዶቹን ራሳቸው መስኮቱ ላይ ለጥፈው አዩ። "ሕግ ማለት ይኼ ነው!" አሉ። "ሰው የሚያየው ውፍረትና ቅጥነት ነው። ሒሳብ ግን ከሥሩ ያለውን አንዱን ሕግ ያያል። የኔ ሊቅ፣ ይህን እኔ ራሴ አላየሁትም ነበር!" በማግስቱ ሁለቱን ካርዶች ትምህርት ቤት ወስደው ለተማሪዎቻቸው አሳዩ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ አሉኝ። እኔም የዚያን ሳምንት እግሬ መሬት አልነካም።

ወንድሜ ጠዋት ማታ ያስቀምጠው ነበር፤ ጡት ይዞ ወዲያው ይለቃል። ጉንጩ ገብቶ ሽማግሌ መስሏል። የሚያጨበጭቡት ግን ለነጥቡ ነበር።

በሰባተኛው ወር ልብስ ሰፊዋ የምታስረክበው የሙሽራ ልብስ ስለነበረባት ብቻዬን ማሙሽን አዝዬ ሄድኩ። የጤና ጣቢያው በር ተዘግቷል። ዘበኛው ከጥላው ሥር ሳይነሣ "ሲስተር ስብሰባ ሄዳለች፣ በሚቀጥለው ወር ነይ" አለኝ። ተመለስኩ።

ቤት ገብቼ ካርዱን ዘረጋሁት። ስድስት ነጥብ፣ ከዚያ ባዶ። ያ ባዶ ቦታ አስፈራኝ። እናቴ ትቆጣኛለች ብዬ አይደለም። ማሙሽ ወደ ላይ የሚወጣው መስመሩ ስለሚስበው ነው፤ ነጥብ ከሌለ በምን ይያዛል? የታመመው ለዚህ ይሆን? ጓጉንቸሩ የሚታዘዘው ለአርባ ነው፤ አርባ አንድ ሲሆን አርባ ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ የጋሼን ሰማያዊ እስክሪብቶ አነሣሁ። ወሩን እንደ ሲስተር በጫፉ ቆጠርኩ። ነጥቧ እንዳትለቅ፣ እንዳትጠፋ፣ ማሙሽን ጠብቃ እንድትይዘው በሙሉ ኃይሌ ተጭኜ አስቀመጥኳት። ከመስመሩ ግን የፀጉር ያህል ሳተች። ወደ ማሙሽ ዞሬ "በቃ፣ አሁን ትድናለህ" አልኩት። ፈገግ አለልኝ። ይህን እየፈጠርኩ አይደለም፣ ፈገግ ብሏል።

"መዘኑት?" አለች እናቴ ስትገባ።

"መዘኑት።"

አነሣችው። በዚያ ቀን ቶሎ አላወረደችውም። ደጋግማ ከፍ ዝቅ አደረገችው፣ ከዚያ ልክ መጋዘን ውስጥ የጎደለ ከረጢት ስታገኝ እንደምትሆነው ፊቷ ቆመ። ሻርፗን አንሥታ ወደ ውጪኛው ክፍል ወጣች።

"ወንድም ጋሼ፣ ነገ ከሥራ ቀርቼ ሆስፒታል እወስደዋለሁ።"

ሆስፒታሉ በአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ ነው።

"ብትቀሪ እንደሚያባርሩሽ ታውቂያለሽ?"

"ያባርሩኝ።"

"እስቲ ካርዱን አምጪው" አሉኝ። አመጣሁ። ማስመሪያቸውን አጋደሙበት። "ነይ እይ። ሰባት ወር፣ ሰባት ነጥብ። አንዷም አልተዛነፈችም። ልጅ ያስቀምጠዋል፣ ጥርስ ሊያበቅል ነው፤ ይህ ያለ ነው። በዚህ ምክንያት እንጀራሽን ልትዘጊ ነው?"

"ቀሎብኛል እኮ ነው የምልዎ። ቀሎብኛል!"

"እጅሽ ሚዛን ነው እንዴ?"

እናቴ መዳፎቿን አየቻቸው። ሁለቱንም ገልብጣ፣ እንደ አዲስ። ያኔ አለቃው የተናገረውን፣ አሥሩን ከረጢት አስታውሼ "አዎ፣ ሚዛን ነው" ማለት የምችል እኔ ነበርኩ። በዚያ ቤት ውስጥ ሁሉንም ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ዝም አልኩ። የዘጋኝ ፍርሃት አይደለም። ነጥቤን ተማምኜ ነው።

"እጄማ ምን ያውቃል" አለች እናቴ በመጨረሻ፣ ሻርፗንም መለሰችው።

ማሙሽ ከዚያ ምሽት በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት፣ እናቴ ለሥራ ጫማዋን ስታደርግ ሞተ።

ሐዘንተኛው ሁሉ "ምን አገኘው?" እያለ ሲጠይቅ ጋሼ "ድንገተኛ ነው፤ ካርዱ ምንም አላሳየም" ይሉ ነበር። አንዳንዷ ደግሞ እናቴ የምትሰማ ሳይመስላት "ወተቷ ቀጭን ነበር ይባላል" ትላለች። እኔ አልጋ ሥር ገብቼ ጆሮዬን ደፈንኩ። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ነጥቧ ስታለች። መስመሩ ላይ ባውላት ኖሮ ይዛው ትቀር ነበር። ትንሽ አድጌ ደግሞ ሌላው ገባኝ። ያቺን ነጥብ ባላስቀምጣት ኖሮ ጋሼ ባዶውን አይተው እናቴን ይለቋት ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ሆድ ይፍጀው አልኩ፣ ሆዴም ፈጀው።

ሃያ አራት ዓመቴ ላይ ይህ ሥራ ተገኘልኝ። በመጀመሪያው ወር ከአንድ አንጋፋ ባልደረባዬ ጋር አንድ መጋዘን ገባን። ባለ መጋዘኑ ሚዛኑን በየቀኑ የሚፈትሽበትን መዝገብ በኩራት ዘረጋልን። ሦስት ወር ሙሉ፣ በየቀኑ፣ ቁጥሩ አንድ ዓይነት። "እንዴት ያምራል!" አልኩ። ሽማግሌው መዝገቡን ከደኑት።

"ልጄ፣ በብርድ ስፕሪንግ ይጠብቃል፣ በሙቀት ይላላል፤ የሰው ዓይንም ይደክማል። እውነት የለካ ሰው ቁጥሩ ይወዛወዛል። ያልተዛነፈ ቁጥር ያልተለካ ቁጥር ነው።"

ወጥቼ የናስ ሣጥኑ ላይ ተቀመጥኩ። ስድስቱ ነጥቦች በስድስቱ ላይ ቁጭ ሲሉ፣ ቀስቱ ንቅንቅ ሳይል፣ ሲስተር ካርዱን ብቻ ስታይ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። ወንድሜን ማንም መዝኖት አያውቅም። አንድ ቀን እንኳ! ሲስተር ክፉ ሰው ላትሆን ትችላለች፤ ሚዛኑ ተሰበረ ብትል ማን ይሰማታል፣ ይሁን። ግን "አልመዘንኩትም" ብላ ባዶውን ብትተወው ምን ነበረበት? ባዶ ቦታ እውነት ነበር። ባዶ ቦታ ወንድሜን ያድነው ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔው አሥራ ስድስት ዓመት አደረ።

ያም ሆኖ ዝም አልኩ፤ ሌላ አሥራ አራት ዓመት። እናቴን ማቁሰል ነው አልኩ። ከሁሉ በላይ፣ ስለ ስድስቱ ስናገር ስለ ሰባተኛዋም ልናገር ነዋ! እስከዚያ ስልክ ድረስ።

ጋሼ እሑድ ቀን፣ ምን ልናገር እንዳሰብኩ ሊሰሙ እናቴ ቤት መጡ። እናቴ ከማድ ቤት ናት። አሁንም ቀጥ ብለው ነው የሚቀመጡት።

"እንግዲህ ከጓጉንቸሩ ጀምሪ" አሉኝ እየሳቁ። "'ማን ነገረው?' ያልሽኝን። እኔ እኮ በየዓመቱ ለተማሪዎቼ እነግራለሁ።"

ካርዱን እናቴ ከማሙሽ ቆብ ጋር በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው ያኖረችው። አውጥቼ ፊታቸው አስቀመጥኩት። መነጽራቸውን አደረጉ። ሳቃቸው ጠፋ።

"ይኼን ለምን ታወጪዋለሽ?" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ስሚኝ፣ ልጄ። ሰባተኛዋን ነጥብ ማን እንዳስቀመጣት አውቃለሁ። ከቀብሩ ማግስት ካርዱን ገልብጬ ሳይ ወረቀቱን ወግታ በጀርባ ወጥታ አገኘኋት። ሲስተር እንደዚያ ተጭና አትጽፍም። እስክሪብቶውም የእኔ ነበር። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ልጅ ነበርሽ። ያኔውኑ ይቅር ብዬሻለሁ።"

ይቅር ብለውኛል! ሠላሳ ዓመት ሙሉ እኔ በእሳት ስጠበስ እሳቸው ከጎኔ ተቀምጠው ይቅር ብለውኝ ኖረዋል። አንቱታውን ልነሣቸው ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። አፌ አልለመደም፤ ዋጥኩት።

"ገልብጦ ማየት ያውቁ ነበር ማለት ነው" አልኳቸው። "ማሙሽ በሕይወት እያለ አንዴ ቢገለብጡትስ? ጥፋተኛ ለመፈለግ ጊዜ አዩ፣ ልጁን ለማዳን ግን አላዩም።"

"ሒሳቡ..."

"ሒሳቡን ተዉት! ሒሳቡ ምን አደረገ? ስድስቱንስ ለምን አላዩም? ሁለት ሕፃናት፣ አንዱ ድንቡሼ፣ አንዱ አጥንቱ የወጣ፣ ስድስት ወር ሙሉ በአንድ ግራም አይለያዩም? ሁለት ተማሪዎች እንዲህ ያለ ፈተና ቢያመጡልዎ 'ማን ከማን ገለበጠ?' ይሉ ነበር። በሰው ልጅ ጊዜ ግን አስጨበጨቡ። ሚዛኑ የተሰበረ ነበር፣ ጋሼ። ሲስተር መስመሩን እያየች ነው ነጥቡን የምታስቀምጠው። መስመሩ ከመስመሩ ጋር ቢገጥም ይደንቃል?"

"ሰው በቁጥር ይዋሻል ብዬ..." አሉ፣ አልጨረሱትም።

"አርባ አንድ ነበር" አልኩ። "ጓጉንቸሩ። አርባ አንድ ነው የቆጠርኩት።" ምን እንደምል አልገባቸውም።

ቀና ስል እናቴ በሩ ላይ ቆማለች፣ እጇ እርጥብ ነው። ከየት ጀምራ እንደሰማች አላውቅም። "እማዬ፣ ሰባተኛዋን ነጥብ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ሰማሁ" አለች። "ስምንት ዓመትሽ ነበር።" እጇን በቀሚሷ አድርቃ መጥታ ተቀመጠችና ካርዱን ወደ ራሷ ሳበችው። "በሌሎቹስ ወራት ማንም አልመዘነውም?"

"ማንም።"

"ማንም አልመዘነውም?" ደግማ ጠየቀች፣ ድምፅዋ መጋዘኑን የሚያክል ሆነ። "እኔ መዝኜዋለሁ! በየወሩ መዝኜዋለሁ። እርሳስ አምጪ።"

እርሳስ አመጣሁ። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። ሁለት መዳፎቿን ወደ ላይ ዘርግታ፣ ጭኗ ላይ ሳይሆን አየር ላይ፣ ያዘቻቸው።

"ሲወለድ ሦስት። በወሩ አራት ሊሞላ ትንሽ የጎደለው። ጻፊ። በሁለተኛው አምስት ሊሞላ ሩብ የቀረው። በሦስተኛው አምስት ተኩል፤ ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር። በአራተኛው ስድስት።"

በእርሳስ አስቀመጥኳቸው። ከታተመው መስመር በታች ናቸው፣ ግን ይወጣሉ። ጋሼ ሳያውቁት በጣታቸው እየተከተሉኝ ነበር፤ የመምህር ጣት አያርፍም።

"በአምስተኛው ያው ስድስት። ነግሬዎት ነበር፣ ወንድም ጋሼ።"

መስመሩ ጋደም አለ። የጋሼ ጣት ቆመ።

"በስድስተኛው ስድስት ሊሞላ ሩብ የጎደለው።"

መስመሩ ወደ ታች ዞረ። ከሙቶቹ ሰማያዊ ነጥቦች በታች፣ በእርሳስ፣ የወንድሜ መስመር ብቻውን ቁልቁል ሄደ። ማስመሪያ አያስፈልገውም፣ ቀመር አያስፈልገውም። ሒሳብ ዓለምን እንዲህ አድርጎ ይናገራል፤ ዓለምን አስቀድሞ ያነሣ ሰው ካለ። በዚያ ቤት ውስጥ ያነሣችው አንዲት ሴት ናት፤ እሷም "እጅሽ ሚዛን ነው እንዴ?" ተባለች።

"ያንብቡልን" አልኳቸው ጋሼን። "መምህር አይደሉ? ምን ይላል?"

መነጽራቸውን አወለቁ። እኔ ግን አላዘንኩላቸውም። ዛሬም አላዘንኩም።

"ሰባተኛው" አለች እናቴ ዓይኗን ሳትገልጥ። መዳፎቿ አንድ ቀላል ነገር እንደያዙ ሁሉ ወደ ላይ ተነሡ። "አምስት ሩብ።"

እርሳሱን ወሰድኩ። ሰባተኛው ወር ላይ ያቺ የእኔ ሰማያዊ ነጥብ ከላይ ሆና፣ ወረቀቱን ወግታ ታየኛለች። ቁልቁል መሄድ እጄ እምቢ አለ። ከስድስተኛው ትንሽ ብቻ ዝቅ አድርጌ አሳረፍኳት።

እናቴ ዓይኗን ገልጣ አየችው።

"እዚያ አይደለም" አለች። "ዝቅ አድርጊው።"

ዝቅ አደረግሁት።